ቼዝ በስልክ፦ ጣት ከአእምሮ እንዳይቀድም

አሸንፌያለሁ ብዬ የደመደምኩትን አንድ ጨዋታ የተሸነፍኩት በአውራ ጣቴ ነው። ንግሥቴን እስከ ሰሌዳው ጥግ ጎትቼ የተጋጣሚዬን ግንብ ልበላ ስል ጣቴ አንድ ቤት ሲቀረው ከስክሪኑ ተነሣ። ንግሥቲቱ ግንቡ ጋ ሳትደርስ ወታደር ሊበላት የሚችልበት ቤት ላይ ቆመች፤ ወታደሩም አላመነታም። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የነኩትን ጠጠር የማንቀሳቀስ ግዴታ ቢኖርም እጅዎ እስኪለቀው ድረስ የሚያርፍበትን ቤት መምረጥ ይችላሉ። በስልክ ላይ ግን ጣት ተነሣ ማለት እርምጃው ተፈጸመ ማለት ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስልኬን ሳላሰናዳ አልጫወትም፤ ከታች የምጽፈውም ይህንኑ ስንዱነት ነው።

መመሪያው የጠጠሮቹን አካሄድ ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ገና ካልለዩ ታላላቆቹ የቼዝ መተግበሪያዎች ለጀማሪ ያዘጋጁት የመማሪያ ክፍል አለ፤ አንድ ሁለት ምሽት ይበቃዋል። ከዚያ ይመለሱ።

መተግበሪያውን መምረጥ

ምርጫው በአብዛኛው ከሁለቱ አያልፍም፤ ሊቼስ ወይም ቼስ ዶት ኮም። ሊቼስን እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለ ፈረንሳዊ የፕሮግራም ባለሙያ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ የሚከፈልበት ክፍል የለውም፣ የሚተዳደረውም በልገሳ ነው። ቼስ ዶት ኮም በአባላቱ ብዛት ይበልጣል፤ ትምህርቶቹና የተለያየ ጠባይ የተሰጣቸው የኮምፒውተር ተጋጣሚዎቹ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከአገልግሎቶቹ ብዙዎቹን በሙሉ ለማግኘት መክፈል ያስፈልጋል። ለጀማሪ የምመክረው ሊቼስን ነው፤ ምክንያቴም ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ምርመራ ያለ ክፍያ መገኘቱ ነው። ወደኋላ እንደምናየው ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

በመተግበሪያ መደብር ውስጥ ስሙን ስትፈልጉ የሚመሳሰሉ ብዙ ነገሮች ይወጣሉ፤ ከመጫንዎ በፊት የአዘጋጁን ስም ያንብቡ። ሁለቱንም ከጫኑ ደግሞ የአንዱን ሬቲንግ (የተጫዋችን ብቃት የሚያሳየውን ቁጥር) ከሌላው ጋር አያነጻጽሩ፤ ሚዛናቸው የተለያየ ነው።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት

ብዙ ሰው መተግበሪያውን ጭኖ በቀጥታ ወደ ጨዋታ ይገባል። እኔ ግን መጀመሪያ ማስተካከያውን ይክፈቱ እላለሁ። የአማራጮቹ ስምና ቦታ ከመተግበሪያ መተግበሪያ ይለያያል፤ ፍሬ ነገራቸው ግን አንድ ነው።

ከሁሉ በፊት ጠጠር የሚንቀሳቀስበትን መንገድ ይምረጡ። ሁለት መንገድ አለ፤ ጠጠሩን መጎተት፣ ወይም ጠጠሩን ነክቶ ከዚያ የሚሄድበትን ቤት መንካት። በስልክ ላይ ሁለተኛው ይሻላል። ሲጎትቱ ጣትዎ የሚሄዱበትን ቤት ራሱን ይሸፍነዋል፤ ማለትም ዓይንዎ በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ቤቱን አያይም። በሁለት ንክኪ ሲጫወቱ ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ትንሽ ፋታ አለ፤ ብዙ ንግሥት ያተረፈ ፋታ ነው።

ቀጥሎ የእርምጃ ማረጋገጫ የሚለውን ያብሩ። ይህ ሲበራ ጠጠሩ ካረፈ በኋላ መተግበሪያው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠብቃል። ለአጭር ሰዓት ጨዋታ አይመችም፤ ለረጅሙ ግን እንደ ሁለተኛ ዓይን ነው። መሸነፍን መቀበልና የአቻ ጥያቄ ማቅረብም ማረጋገጫ እንዲጠይቁ ያድርጉ። የመሸነፍ ምልክት የሆነችው ባንዲራ ያለችበት ቁልፍ ከአውራ ጣት ብዙም አትርቅም።

ሦስተኛው፣ ወታደር መጨረሻው መስመር ሲደርስ በራሱ ንግሥት እንዲሆን የሚያደርገውን አማራጭ ያጥፉ። ከመቶ ዘጠና ጊዜ በላይ ንግሥት ነው የሚፈልጉት፤ በቀሩት ግን ፈረስ ቼክ የሚሰጥበት ወይም ንግሥት መሆኑ የተጋጣሚዎን ንጉሥ መፈናፈኛ አሳጥቶ ጨዋታውን አቻ የሚያደርግበት ሁኔታ ይገጥማል። ያን ጊዜ መምረጥ መቻል አለብዎት።

ቅድመ እርምጃ የሚባለውንም ለጊዜው ይዝጉ። ይህ ተጋጣሚዎ ሳይጫወት የእርስዎን ቀጣይ እርምጃ አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው፤ እሱ እንደተጫወተ የእርስዎ ወዲያው ይፈጸማል። ሰከንድ ያተርፋል። ነገር ግን ተጋጣሚዎ ያልጠበቁትን ከተጫወተ እርምጃዎ ለሌላ ሰሌዳ የታሰበ ይሆናል።

የሚቀሩት ቀላል ናቸው። ጠጠሩ የሚሄድባቸውን ቤቶች የሚያሳዩት ነጥቦች፣ የመጨረሻውን እርምጃ የሚያቀልመው ምልክትና በሰሌዳው ጠርዝ ያሉት ፊደሎችና ቁጥሮች ይብሩ። ሰሌዳው ጠፍጣፋና ሁለት ቀለም ብቻ ይሁን፤ እብነ በረድና ጥላ የሚያሳዩት ጌጠኛ ሰሌዳዎች በትንሽ ስክሪን ላይ ጳጳሱንና ወታደሩን ያምታታሉ። ከስልኩ በኩል ደግሞ ማሳወቂያዎችን ዝም ያሰኙ፣ ስክሪኑ በራሱ እንዳይዞር ይቆልፉት። ስልክ ቢደወልልዎት የቼዙ ሰዓት አይቆምም።

ሰዓቱን መምረጥ

በመጫወቻው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች በመደመር ምልክት ተያይዘው ያያሉ፤ ለምሳሌ 3+2፣ 10+0፣ 15+10። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተሰጠው ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ የሚጨመርልዎት ሰከንድ ነው። ሊቼስ የጨዋታውን ዓይነት የሚወስነው 40 እርምጃ ይደረጋል ብሎ በማስላት ነው። 15+10 ማለት 15 ደቂቃ ሲደመር 40 ጊዜ 10 ሰከንድ ነው፤ ድምሩ 22 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ራፒድ ከሚባለው ክፍል ይመድበዋል። 3+2 ደግሞ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው፤ ብሊትዝ ነው። ከሦስት ደቂቃ በታች የሚመጣው ቡሌት ይባላል፤ ጥይት ማለት ነው፤ ስሙ ጠባዩን ይነግራል።

ለጀማሪ የምመክረው 15+10 ነው። ያ ጊዜ ከሌለዎት 10+5 ይሁን። ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ የሆነበትን ጨዋታ ግን ይሽሹ። ጭማሪ ሰከንድ በሌለበት ጨዋታ ንግሥትና ግንብ በልጠው፣ ማቱ ሁለት እርምጃ ቀርቶት፣ ሰዓትዎ አልቆ ይሸነፋሉ። አንድ ማዳኛ አለ፤ ተጋጣሚዎ ብቻውን በቀረ ንጉሥ ማት ማድረግ ስለማይችል ያን ጊዜ ውጤቱ አቻ ይሆናል። አንዲት ወታደር ከቀረችው ግን ንግሥት ልትሆን ትችላለችና ሽንፈቱ የእርስዎ ነው።

ቡሌት በስልክ ላይ የጣት ፍጥነት ውድድር ነው፤ ቼዝነቱ ይቀንሳል። አይጫወቱት አልልም፤ እኔም እጫወታለሁ። ብቻ ቼዝ እየተማርኩበት ነው ብዬ ራሴን አላታልልም።

አንድ ላይ ሃያ ደቂቃ የማያገኝ ሰው ደግሞ በቀናት የሚቆጠረውን የደብዳቤ ጨዋታ ይሞክር። ለአንድ እርምጃ አንድ፣ ሦስት ወይም ሰባት ቀን ይሰጥዎታል። ስልኩን ከፍተው ያያሉ፣ በመሞከሪያ ሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሱ ያስባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይዘጉታል። ለስልክ ከሁሉ የሚስማማው አጨዋወት ይህ ይመስለኛል፤ የሚገርመው ብዙ ሰው አለማወቁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተጋጣሚዎች

በኮምፒውተሩ ይጀምሩ። ሊቼስ ላይ የሚያጫውትዎት ስቶክፊሽ የተባለው ፕሮግራም ሲሆን ከ1 እስከ 8 ደረጃ አለው። ከ1 ጀምረው ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፉ አንድ ደረጃ ከፍ ይበሉ። ግን ብዙ አይቆዩበት። የተዳከመ ኮምፒውተር እንደ ደካማ ሰው አይጫወትም፤ አምስት እርምጃ እንደ ሊቅ ይጫወትና በስድስተኛው ፈረሱን ያለ ምክንያት ያስረክባል። ሰው የሚሳሳተው ግን በምክንያት ነው፤ ስለቸኮለ፣ ስለሰሰተ፣ ስለፈራ። ያንን ማንበብ የሚለምዱት ከሰው ጋር ሲጫወቱ ነው።

ከሰው ጋር ሲጀምሩ ሊቼስ 1500 ሬቲንግ ይሰጥዎታል፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አለ። ምልክቱ «ይህን ሰው ገና አላውቀውም» ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ሲሸነፉ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ በመቶዎች ሊወርድ ይችላል። አይደንግጡ፤ ስሌቱ እርስዎን እየፈለገ ነው። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ የሚያሸንፉትም የሚያሸንፍዎትም ሰው መምጣት ይጀምራል።

ጨዋታው ሲጀመር

ለመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች መጽሐፍ መሸምደድ አያስፈልግም። ነጭ ከሆኑ ከንጉሥዎ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ወደ ኢ4 (በሰሌዳው ጠርዝ ያሉት ፊደል ኢ እና ቁጥር 4 የሚገናኙበት ቤት) ያራምዱ፣ የንጉሡን ጎን ፈረስ ወደ ኤፍ3 ያውጡ፣ ጳጳሱን ወደ ሲ4 ይላኩ፣ ከዚያ ካስሊንግ አድርገው ንጉሡን ከግንቡ ጀርባ ያስጠጉ። በስልክ ላይ ካስሊንግ የሚደረገው ንጉሡን ነክቶ ሁለት ቤት ወደ ጎን በመንካት ነው፤ ግንቡ ራሱ ይዘላል። ግንቡን መጀመሪያ ካንቀሳቀሱት ተራ እርምጃ ይሆንና በዚያ በኩል ካስሊንግ የማድረግ መብትዎ ያልቃል።

ጥቁር ሲሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥምዎት አንድ ወጥመድ አለ። ነጩ ንግሥቱን ቶሎ አውጥቶ ኤች5 ላይ ያቆማታል፤ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ያስቀምጥና በአራተኛው እርምጃ ኤፍ7 ላይ ማት ሊያደርግዎት ያስባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለታችሁም የንጉሥ ፊት ወታደሮቻችሁን አራምዳችሁ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ስትወጣ ፈረስዎን ሲ6 ላይ አውጥተው ኢ5 ያለውን ወታደር ይጠብቁ። ጳጳሱ ሲ4 ሲደርስ ጂ ላይ ያለውን ወታደር አንድ ቤት ወደ ጂ6 ያራምዱ፤ ንግሥቲቱ መሸሽ አለባት። ወደ ኤፍ3 ሄዳ እንደገና ብታስፈራራ ሁለተኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ አውጥተው መንገዷን ይዝጉ። ከዚያ በኋላ የሚያሳፍረው እሱን ነው፤ እርስዎ ሁለት ፈረስ አውጥተዋል፣ እሱ ንግሥቱን ሲያሯሩጥ ጊዜውን ፈጅቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው መሀል ጨዋታ ነው፤ ስልክና ሰሌዳ በጣም የሚለያዩትም እዚህ ነው። የስልኩ ሰሌዳ ከመዳፍ ያንሳል። ዓይን መሀሉን ያይና ጠርዙን ይረሳል፤ በተለይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚያየውን ጳጳስ። ጀማሪ በስልክ ላይ ንግሥቱን የሚያስበላው አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ጳጳስ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚዎ በተጫወተ ቁጥር አውራ ጣትዎን ከስክሪኑ ጎን፣ ከስልኩ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። ጣቱ እዚያ ሳለ የተጋጣሚዎን ጳጳሶች፣ ግንቦችና ንግሥት አንድ በአንድ በዓይንዎ መስመራቸውን ይከተሉ። የሚበሉት ምን አለ? ቼክ የሚሰጡት ከየት ነው? እኔ አሁን ይህን ጠጠር ባነሣ ከጀርባው ማን ይጋለጣል? ከዚያ ጣቱ ይመለስ። ሰባት ስምንት ሰከንድ ቢፈጅ ነው፤ ሰዓትዎ በእርምጃው 10 ሰከንድ እየጨመረልዎት ከሆነ ያልከፈሉበት ጊዜ ነው።

መለዋወጥ ሲመጣ ሒሳቡን ይያዙ፤ ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ ሦስት ሦስት፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9። መተግበሪያው ማን በስንት እንደሚበልጥ በስምዎ አጠገብ ያሳያል፤ ከእያንዳንዱ መበላላት በኋላ ያቺን ትንሽ ቁጥር ማየት አይጎዳም።

በመጨረሻው ላይ ማሸነፍ

በንግሥት በልጠው ጨዋታን አቻ ማድረግ ከመሸነፍ የበለጠ ያንገበግባል። የተጋጣሚዎ ንጉሥ ብቻውን ቀርቶ፣ ቼክ ሳይሆን የሚሄድበት ቤት ካጣ ሕጉ አቻ ነው ይላል። ስልክ ላይ ይህ የሚደርሰው ከጥድፊያ የተነሣ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን አስቀድመው ይያዙ።

ንግሥትዎን ከንጉሡ በፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ ያስቀምጧት። ንጉሡ ወደ የትም ሲሄድ እሷም በዚያው አቅጣጫ ትከተለው። ያለ አንድም ቼክ ወደ ጠርዝ፣ ከዚያም ወደ ጥግ ይገፋል። ጥግ ሲገባ መከተሉን ያቁሙ፤ አንድ እርምጃ ብትጨምሩ መፈናፈኛ ያጣል። ለምሳሌ ንጉሡ ኤ8 ላይ ከሆነ ንግሥትዎ ዲ7 ላይ ትቁም፤ እሱ በኤ8 እና በቢ8 መካከል ይመላለሳል። እሱ ሲመላለስ እርስዎ የራስዎን ንጉሥ በእርጋታ እስከ ቢ6 ያምጡ። ከዚያ ንግሥቲቱ ቢ7 ላይ ስትገባ ማት ነው። ይህን ከስቶክፊሽ ጋር አሥር ጊዜ ይለማመዱት፤ የሰሌዳ ማሰናጃው ላይ ሁለቱን ነገሥታትና አንዲት ንግሥት ብቻ አስቀምጠው መጀመር ይቻላል።

ኢንተርኔት ቢቆረጥስ? መተግበሪያውን አይዝጉ፣ ከስክሪኑም አይውጡ። ግንኙነቱ ቶሎ ሲመለስ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሰዓቱ ግን ሲሮጥ ይቆያል። ግንኙነትዎ የሚቆራረጥ ከሆነ ረጅም ሰዓት መምረጥ ሌላ ምክንያት አገኘ።

ከጨዋታው በኋላ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው። ጨዋታው ሲያልቅ የምርመራ ቁልፉን ይጫኑ። ስቶክፊሽ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሽና ግድፈቱን፣ ስህተቱንና ከባድ ስህተቱን ለይቶ ያሳይዎታል። ታዲያ የኮምፒውተሩን መልስ ከማየትዎ በፊት ከባድ ስህተት የተባለው እርምጃ ላይ ቆመው ራስዎ የተሻለውን ይፈልጉ። ሊቼስ ለዚህ «ከስህተትዎ ይማሩ» የሚል አሠራር አለው፤ ስህተቱን ያሳይና መልሱን ከእርስዎ ይጠብቃል። ሁሉንም ስህተት አይከተሉ። ከአንድ ጨዋታ አንድ ስህተት፣ ትልቁን፣ በቃል መግለጽ እስኪችሉ ድረስ ይያዙት፤ «ፈረሴን ሳነሣ ከጀርባዋ ያለውን ግንብ ጳጳሱ አየው» እንደ ማለት።

ይህንኑ ፕሮግራም በጨዋታ መሀል መክፈት ግን ማጭበርበር ነው፤ ሂሳብ ያስዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ ትልቅ ልዩ ኮምፒውተር ነበር፤ ዛሬ በኪስዎ ያለው ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ ከማንኛውም ሰው ይበረታል። ተጋጣሚዎ ሊገጥም የመጣው ከእርስዎ ጋር ነው።

በጨዋታዎች መካከል የቼዝ እንቆቅልሾችን ይሥሩ። በቀን አምስት ይበቃሉ። መልሱን እስከ መጨረሻው ሳያዩ የመጀመሪያውን እርምጃ አይንኩ፤ እንቆቅልሽን በሙከራ መፍታት ጣትን ነው የሚያሠለጥነው።

አንድ የቀረኝ ነገር በድጋሚ ጨዋታ የሚጠይቀው ቁልፍ ነው። ሲሸነፉ ወዲያው ብቅ ይላል፤ ተናደውም ሳሉ ይጫኑታል። ከሁለት ተከታታይ ሽንፈት በኋላ አይጫኑት። የተሸነፉበትን ጨዋታ ምርመራ ከፍተው አንድ ስህተት ይፈልጉ፤ ካላስቻለዎት ስክሪኑን አጥፍተው ስልኩን በግንባሩ ጠረጴዛ ላይ ይድፉት፤ የቀረው ነገ ይደርሳል።